ስሙን አትፋቁት፦ ስለ ኦፕን ሶርስ ፈቃዶች ሮም ላይ የተሰጠ ዲስኩር



ርእሴ የሶፍትዌር ፈቃድ ነው። ኮድ የማትጽፉ ሰዎች ጉዳዩ እኔን አይመለከትም እንዳትሉ እለምናለሁ። የምናገረው በየኪሳችሁ ስላለው ስልክ ነው፤ ሰው በሠራው ሥራ ላይ ስሙ እንዲኖር ስለ መጠበቅም ነው። ይህ ደግሞ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ስለዚህ ከኮምፒውተር በፊት እዚሁ ከተማ ውስጥ ከታተመ አንድ መጽሐፍ ልጀምር። ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ አንድ የኢትዮጵያ አዋጅ ስጠቅስ ብቻ በራሳችን እቆጥራለሁ።

ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ፣ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ፣ ሳንቶ ስቴፋኖ ዴሊ አቢሲኒ የሚባል ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ። በ16ኛው መቶ ዘመን የኢትዮጵያ መነኮሳት ሮም ሲደርሱ የሚያርፉት እዚያ ነበር። ከእነርሱ አንዱ የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን ናቸው። ተንሥአ ወልድና ዘሥላሴ ከተባሉ ሁለት ወንድሞቻቸው ጋር ሆነው በ1548 እና በ1549 የግዕዝ ሐዲስ ኪዳንን አሳተሙ። ማተሚያ ቤቱ የቫሌሪዮ ዶሪኮና የወንድሙ ነበር። አባ ተስፋ ጽዮን ከዚያ ብዙም ሳይቆዩ ዐረፉ፤ የተቀበሩትም በዚያው በሳንቶ ስቴፋኖ ነው።

እኔን የሚያስደንቀኝ አሳታሚዎቹ ለአንባቢው የጻፉት ማስታወሻ ነው። ሥራው በማን ርዳታ እንደተፈጸመ ይናገራሉ፤ ጳጳሱን ጳውሎስ ሣልሳዊን ያመሰግናሉ። ቀጥለው አንድ ከባድ ነገር ይገልጣሉ። በእጃቸው የነበረው የሐዋርያት ሥራ የግዕዝ ቅጂ ጎዶሎ ስለነበር አብዛኛውን ክፍል ከሮማይስጥና ከጽርዕ ተርጉመው እንደሞሉት በግልጽ ይጽፋሉ። በመጨረሻም ይቅርታ ይጠይቃሉ፤ አታሚዎቹ ግዕዝ ማንበብ አይችሉም፣ እኛም ማተም አናውቅም፣ ስለዚህ ስሕተት ብታገኙ አትፍረዱብን ይላሉ። ቅዱስ መጽሐፍ ለዓለም የሚያወጣ ሰው «ይህኛውን ክፍል ከአባቶቼ ቅጂ አላገኘሁትም፣ ከሌላ ቋንቋ አምጥቼ ሞላሁት» ብሎ ማስታወቁ ትልቅ ሐቀኝነት ነው። ዝም ቢሉ ያን ጊዜ አውሮፓ ውስጥ ማን ያውቅባቸው ነበር?

ወደ ሶፍትዌር ስንመጣ ነገሩ ሦስት ነው፤ ረጂን በስም መጥራት፣ የተለወጠውን ማስታወቅ፣ ለስሕተት ዋስትና አለመስጠት። ዛሬ በዓለም ላይ በሰፊው የሚሠራባቸው የኦፕን ሶርስ፣ ማለትም ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር፣ ፈቃዶችም የቆሙት በእነዚህ ላይ ነው። ኤምአይቲ የሚባለውን አጭር ፈቃድ ውሰዱ። መጀመሪያ የባለቤቱን ስምና ዓመቱን ያስቀምጣል። ቀጥሎ እንደፈለጋችሁ ተጠቀሙበት፣ ቅዱት፣ ለውጡት፣ ሽጡት ይላል፤ የሚጠይቀው ነገር ቢኖር ያ ስምና ያ የፈቃድ ጽሑፍ ከእያንዳንዱ ቅጂ ጋር አብሮ እንዲሄድ ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ «እንዳለ ውሰዱት፣ ዋስትና የለውም» ይላል። በጥር 2004 የወጣው አፓቼ 2.0 ደግሞ አንድ ይጨምራል፤ ፋይሉን ከለወጣችሁት መለወጣችሁን በላዩ ላይ ጻፉ ይላል፤ ኖቲስ የሚባል የምስጋና ፋይል ካለውም ሳትጥሉ አስተላልፉ ይላል። አባ ተስፋ ጽዮን በሐዋርያት ሥራ ላይ ያደረጉት ይህንኑ ነው።

በብራና ዘመንም ቢሆን ጸሐፊው፣ ያጻፈው፣ ያነበበውና የሰማው በመጽሐፉ ጫፍ ላይ በስም ይታሰቡ ነበር። ቀጥሎ ውግዘት ይመጣል፦ መጽሐፉን የሰረቀ ወይም ስሙን የፋቀ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ተብሎ ይጻፋል። መስረቅና መፋቅ ጎን ለጎን መቆማቸውን ልብ በሉ። ብዙ ሊቃውንት እንዳሳዩት የቀደመ ባለቤት ስም ተፍቆ የሌላ ሰው ስም የተጻፈባቸው ብራናዎች በየቤተ መጻሕፍቱ አሉ። ቢላዋው ያረፈበት ቦታ ዛሬም ሻካራ ነው፤ ጣት ሲነካው ይታወቃል። በኮድ ላይ ግን ሲፋቅ ሻካራ ነገር አይቀርም። አንድ ቁልፍ ተጫን፣ መስመሩ ጠፋ። ስለዚህ ነው ጉዳዩን በሕግና በልማድ መጠበቅ የሚያስፈልገው።

አሁን ስልካችሁን አውጡ። አንድሮይድ የያዛችሁ ቅንብሮች ውስጥ ግቡና «ስለ ስልኩ» የሚለውን፣ ከዚያ ሕጋዊ መረጃውን፣ ከዚያ የሦስተኛ ወገን ፈቃዶችን ክፈቱ። በአይፎንም ተመሳሳይ ገጽ አለ። ጣታችሁ እስኪደክም ብታወርዱት አያልቅም። እነዚያ ሁሉ የሰዎችና የድርጅቶች ስሞች ናቸው፤ ስልካችሁ ውስጥ ያለውን ፕሮግራም በየቁራጩ የሠሩ። «ሦስተኛ ወገን» የሚባሉት ስልኩን የሸጠላችሁም እናንተም ስላልሆኑ ነው። ዴቨሎፐር አንድ አፕ ሲሠራ ሁሉን ከባዶ አይጽፍም። ሥዕል የሚያሳንስ፣ ቀን የሚቆጥር፣ ምስጢር የሚቆልፍ ዝግጁ ኮድ ያመጣል፤ ላይብረሪ የሚባለው ይህ ነው። አንዱ ላይብረሪ ሌላውን ይጠራል፣ ያም ሌላውን። ትንሽ የምትመስል የምግብ ማዘዣ አፕ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ የሌሎች ሰዎች ሥራዎች ሊኖሩ ይችላሉ።

እስቲ ወደ ራሳችን ፊደል እናምጣው። አዲስ አበባ ላለች እናታችሁ «ደኅና ነሽ ወይ እማዬ» ብላችሁ ስትልኩ ፊደሉ ከየት ይመጣል? የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቶ ለእያንዳንዱ ሆሄ ቋሚ ቁጥር ተሰጠው። ቁጥሩ ግን መልክ የለውም። መልኩን የሚሰጠው ፎንት ነው፤ ለምሳሌ ጉግል ያሠራው ኖቶ ኢትዮፒክ ወይም ኤስአይኤል የተባለው ድርጅት ያወጣው አቢሲኒካ። ሁለቱም የሚሰራጩት ኦፕን ፎንት ላይሰንስ በሚባል ፈቃድ ነው። የሆሄውን መስመር ስክሪን ላይ የሚስለው ፍሪታይፕ የተባለ ላይብረሪ ነው፤ ሆሄያቱን በተራ የሚያሰልፈው ሃርፍባዝ ነው፤ ቀኑን፣ ቁጥሩንና የፊደል ተራውን የሚያስተካክለው አይሲዩ ነው። በአንድሮይድ ስልክ ላይ አንድ የአማርኛ ቃል ለመታየት እነዚህ ሁሉ ይሠራሉ። ገንዘብ ከፍላችሁባቸው አታውቁም፤ ወደፊትም አትከፍሉም። ፍሪታይፕ በራሱ ፈቃድ የሚጠይቀው የእኛን ሥራ መጠቀማችሁን በሰነዳችሁ ውስጥ ጥቀሱ የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ቋንቋችን በዲጂታሉ ዓለም መናገር የቻለው እንዲህ ባሉ ሰዎች ችሮታ ነው። የእነርሱን ስም ከአማርኛ አፕ ውስጥ አውጥቶ መጣል፣ እኔ እንደማየው፣ ከሁሉም በላይ እኛን ያሳፍራል።

ለዓመታት የሰማሁት አንድ አባባል አለ፦ «በነፃ የተቀመጠ ነው፣ ምን ችግር አለው?» ይህን አባባል ከሥሩ መንቀል እፈልጋለሁ። ዋጋ የሌለው ነገር ሁሉ ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። ጊትሃብ በሚባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ የተቀመጠ ኮድ ለማየት ክፍት ስለሆነ ብቻ ለመቅዳት አልተፈቀደም። እንዲያውም ምንም የፈቃድ ፋይል የሌለው ኮድ በሕግ ፊት ከሁሉ የተዘጋው ነው፤ ባለቤቱ ዝም ካለ መብቱ በሙሉ የእርሱ ነው። ኦፕን ሶርስን ኦፕን ሶርስ የሚያደርገው ያ የፈቃድ ወረቀት ነው። ወረቀቱን ጥሎ ኮዱን የወሰደ ሰው የመጥሪያ ወረቀቱን ቀድዶ ቤት የገባ ሰው ነው፤ ተጋብዞ የነበረ ቢሆንም አሁን መጋበዙን የሚያሳይበት የለውም።

ፈቃዶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚጠይቁት ይከብዳል። ኤምአይቲ፣ ቢኤስዲና አፓቼ ስሙን ጠብቁልን እንጂ የራሳችሁን ኮድ ክፈቱ አይሉም። የሞዚላ ፈቃድ የወሰዳችሁትን ፋይል ከለወጣችሁ ያንን ፋይል ክፈቱ ይላል። ሪቻርድ ስቶልማን በ1989 ያወጣው ጂፒኤል ደግሞ የእኔን ኮድ በውስጡ የያዘ ፕሮግራም ለሰው ስትሰጡ የፕሮግራሙን ሶርስ ኮድም በዚሁ ፈቃድ ስጡ ይላል። ኤጂፒኤል ይህን ግዴታ በኢንተርኔት በኩል ብቻ አገልግሎት ለሚሰጡ ሰዎችም ያደርሰዋል። ለምሳሌ የአማርኛን ግሥ እስከ ሥሩ የሚተነትነው ሆርንሞርፎ የማይክል ጋሰር ሥራ ነው፤ ፈቃዱም ጂፒኤል ነው። እርሱን ውስጡ የከተተ የፊደል ማረሚያ ሠርታችሁ ኮዱን ዘግታችሁ ልትሸጡ አትችሉም። መሸጥ ይፈቀዳል፤ መዝጋት ግን አይፈቀድም። ብዙ ወጣቶች ይህን ልዩነት የሚያውቁት ሥራውን ከጨረሱ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ማስተካከል ውድ ነው።

በፎንት በኩል ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ። ኒያላ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣ ውብ ፎንት ነው፤ ኮምፒውተራችሁ ውስጥ ስላለ ግን አውጥታችሁ በአፓችሁ ውስጥ ልትጭኑት አልተፈቀደላችሁም። ኖቶንና አቢሲኒካን ግን ትችላላችሁ፤ የፈቃዱን ፋይል አብራችሁ ካስቀመጣችሁ፣ ፎንቱን ለብቻው ነጥላችሁ ካልሸጣችሁ። ባለቤቱ የፎንቱን ስም በፈቃዱ ውስጥ ካስጠበቀ ደግሞ ለውጣችሁ ስታወጡት ሌላ ስም ስጡት። የእርሱ ያልሆነ ስሕተት በስሙ እንዳይቆጠርበት ነው። ሦስት ድንጋጌ ያለው የቢኤስዲ ፈቃድም ይህንኑ ይጠብቃል፤ ያለ ፈቃዳችን በስማችን ዕቃችሁን አታስተዋውቁ ይላል። ስሙን ጥራ፣ ግን ለማይሆን ነገር አትጥራው። ሁለቱም ያው አክብሮት ነው።

ይህ ሁሉ የፕሮግራመሮች ጨዋነት ብቻ ሳይሆን ሕግ ነው፤ ሕጉም ከሮም ጋር የጠበቀ ግንኙነት አለው። የደራስያንን መብት የሚጠብቀው የበርን ስምምነት በ1928 እዚሁ ሮም ላይ በተደረገ ጉባኤ የተሻሻለ ሲሆን፣ ስድስት ቢስ በሚባለው አንቀጽ የሞራል መብት የገባው ያን ጊዜ ነው። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ ደራሲው የገንዘብ መብቱን ለሌላ ቢያስተላልፍ እንኳ «ይህ የእኔ ሥራ ነው» የማለት መብቱ ከእርሱ ጋር ይቀራል። ጣሊያን በ1941 ያወጣችው የደራሲ መብት ሕግ፣ ቁጥር 633፣ ይህንኑ በአንቀጽ 20 ይዟል። በአገራችንም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁ ሥራዎች መካከል ቆጥሮታል፤ የሥራ አመንጪነትን የማሳወቅ መብትንም ሰጥቷል። ስለዚህ እዚህ ሆናችሁ ብትሠሩም አዲስ አበባ ሆናችሁ ብትሠሩም «እኛ ጋ ሕግ የለም» የሚል መሸሸጊያ የለም።

ፍርድ ቤት ደርሶ የተፈተነበትንም ላንሳ። ሮበርት ጃኮብሰን አሜሪካ ውስጥ የፊዚክስ ሊቅ ነው። ከሌሎች ሰዎች ጋር ሆኖ የመጫወቻ ባቡር ሐዲድን በኮምፒውተር የሚያዝ ኦፕን ሶርስ ፕሮግራም ይሠራ ነበር። አንድ ሻጭ ፋይሎቹን ወስዶ የደራስያኑን ስምና የባለቤትነት ማስታወቂያውን አውጥቶ በራሱ ምርት ውስጥ ከተታቸው። የታችኛው ፍርድ ቤት ነገሩን የውል ጉዳይ ብቻ አድርጎ አይቶት ነበር። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ግን ነሐሴ 2008 ላይ ሻረው፤ በነፃ የሚሰጥ ፈቃድም ቢሆን ያስቀመጠው ቅድመ ሁኔታ የቅጂ መብት ሕግ የሚያስከብረው ነው አለ። የመጫወቻ ባቡር ነው ብላችሁ እንዳትንቁት፤ የዛሬው የኦፕን ሶርስ ሥርዓት አንዱ ምሰሶ የቆመው በዚያ ላይ ነው። ጣሊያን ውስጥም የቬኒስ ፍርድ ቤት በ2021 መጨረሻ ላይ ለዎርድፕሬስ ድረ ገጾች በተሠራና በጂፒኤል በተለቀቀ አንድ ፕለጊን ጉዳይ፣ ኮዱን ያለ ባለቤቱ ስም የቀዳው ወገን የፈቃዱን ሁኔታ እንዲያከብር አዝዟል። እዚህ አገር በጣሊያን ድርጅት ውስጥ የምትሠሩ ወጣቶች ይህን ለአለቆቻችሁ ንገሯቸው፤ አሜሪካ ብቻ የሚሆን ነገር እየመሰላቸው ችላ የሚሉት ብዙ ናቸው።

የጣሊያን መንግሥት ራሱ ኦፕን ሶርስን በሕግ ነው የያዘው። በ2005 የወጣው የዲጂታል አስተዳደር ሕግ፣ ቁጥር 82፣ በአንቀጽ 68 የመንግሥት መሥሪያ ቤት የተዘጋ ሶፍትዌር ከመግዛቱ በፊት ያለውን ክፍት ሥራ እንዲያወዳድር ያስገድዳል፤ በአንቀጽ 69 ደግሞ የራሱ የሆነውን ሶፍትዌር በክፍት ፈቃድ እንዲያወጣ ይጠይቃል። ሁላችሁም የምታስታውሱት ምሳሌ ኢሙኒ ነው፤ በ2020 በኮሮና ጊዜ አውርዱ የተባልነው አፕ። ሥራውን ቤንዲንግ ስፑንስ የተባለ የሚላኖ ድርጅት ሠራው፤ ኮዱ በኤጂፒኤል ፈቃድ ለሕዝብ ተለቀቀ። ያን ጊዜ በየካፌው «መንግሥት የት እንደምሄድ ሊከታተለኝ ነው» የሚል ሥጋት ነበር። መልሱ መግለጫ ብቻ አልነበረም፤ ኮዱን ክፈቱና እዩት የሚል ነበር። አፑ በ2022 መጨረሻ አገልግሎቱን አቁሟል፤ ያ አሠራር ግን የሚጠና ነው።

በአገራችንም ተመሳሳይ ነገር ከምናስበው በላይ ቀርቧል። ፋይዳ መታወቂያ የተገነባው በሞሲፕ ላይ ነው። ሞሲፕ ባንጋሎር፣ ሕንድ ውስጥ በሚገኘው ዓለም አቀፍ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተቋም የተጀመረ ኦፕን ሶርስ ሥርዓት ነው፤ ፈቃዱም የሞዚላ ነው። ከየጤና ጣቢያው የሚሰበሰበውን መረጃ ጤና ሚኒስቴር የሚያጠናቅርበት ዲኤችአይኤስ 2 ደግሞ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው፤ ፈቃዱ ቢኤስዲ ነው። እንግዲህ የአንድ ሕፃን ክትባት ወሎ ውስጥ ሲመዘገብ በኖርዌይና በሌላም አገር ያሉ ሰዎች ድካም በዚያ ውስጥ አለበት። የእኛም ልጆች በእነዚህ ሥርዓቶች ላይ እየሠሩ ነው። የእነርሱም ስም በዚያ መዝገብ ውስጥ እንዲገባ እፈልጋለሁ።

አሁን ኮድ ለምትጽፉት በቀጥታ ልናገር። ስም የሚጠፋው ብዙ ጊዜ በክፋት አይደለም፤ በማሽን ነው። የድረ ገጽ ኮድ ቶሎ እንዲወርድ ስታጠብቡት መሣሪያው ትርፍ የመሰለውን ማስታወሻ ሁሉ ይቆርጣል፤ የባለቤቱ ስምና የፈቃዱ ጽሑፍ ደግሞ የተቀመጠው በዚያ ማስታወሻ ውስጥ ነው። ላይብረሪ የሚጽፉ ሰዎች ይህን አውቀው በማስታወሻው መጀመሪያ ላይ የቃለ አጋኖ ምልክት ያደርጋሉ፤ አትቁረጠኝ ማለት ነው። መሣሪያችሁ ያን ምልክት እንዲያከብር፣ የተሰበሰቡትንም ፈቃዶች በአንድ ፋይል አውጥቶ እንዲያስቀምጥ አድርጋችሁ አዘጋጁት። በፍላተር የምትሠሩ ከሆነ የፈቃድ ገጹን የሚከፍት ዝግጁ ትእዛዝ አለው፤ አንድ መስመር ብቻ ነው። ለአንድሮይድም ጉግል ያዘጋጀው ፈቃድ ሰብሳቢ አለ። የፈቃዶቹን ስም በአጭር ምልክት የሚጽፈው ኤስፒዲኤክስ የተባለው ሥርዓት ደግሞ በ2021 የአይኤስኦ ደረጃ ሆኗል። ሥራው ከመጀመሪያው ቀን ከተጀመረ ቀላል ነው። አፑ ሊወጣ አንድ ሌሊት ሲቀረው ግን በመቶ የሚቆጠር ላይብረሪ እየቆጠሩ መቀመጥ ነው።

ከመድረክ የምናገረው ነገር ቀላል እንዳይመስል፣ ስም መጥራት ከልክ ሲያልፍ የሚያስቸግርበትም ጊዜ እንደነበር ልጨምር። የመጀመሪያው የቢኤስዲ ፈቃድ በማስታወቂያ ላይ እንኳ ስማችንን ጥሩ የሚል አንቀጽ ነበረው። ሌሎችም የራሳቸውን ስም እያስገቡ ገለበጡት። ስቶልማን ኔትቢኤስዲ የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት በ1997 በወጣ ሥሪቱ ውስጥ ሲቆጥር እንዲህ ያሉ 75 የምስጋና ግዴታዎችን አገኘ። በአንድ ጋዜጣ ማስታወቂያ ላይ 75 ምስጋና ማን ያትማል? የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ በሐምሌ 1999 አንቀጹን ሰረዘው። ትክክል አደረጉ ብዬ አምናለሁ። ስም መቀመጥ ያለበት ፈላጊ በሚያገኘው፣ መንገደኛን በማይዘጋ ቦታ ነው፤ የስልኩ የሕጋዊ መረጃ ገጽ ለዚህ ጥሩ ቦታ ነው።

አንዳንዱ ያን ገጽ ማንም አያነበውም ይላል። ዳንኤል ስቴንበርግን ጠይቁት። ኮምፒውተር ከኮምፒውተር ጋር ፋይል የሚቀባበልበትን ከርል የተባለ መሣሪያ የሠራ ስዊድናዊ ነው። ስሙና ኢሜይሉ በመኪና ስክሪኖች የፈቃድ ገጽ ላይ ሳይቀር ስላለ፣ መኪናቸው የተበላሸባቸው ሰዎች ሳይቀሩ ይጽፉለታል፤ እርሱ ራሱ ደጋግሞ ተናግሮታል። በ2021 ኢንጀኑኢቲ የተባለችው ትንሽ ሄሊኮፕተር ማርስ ላይ ስትበር፣ ጊትሃብና ናሳ በውስጧ በሚሠራው ኮድ እጃቸው ያለበትን ወደ 12,000 የሚጠጉ ሰዎች ለይተው በየገጻቸው ምልክት አደረጉላቸው። ብዙዎቹ ሥራቸው ማርስ መድረሱን ያወቁት በዚያ ቀን ነው። ስም ተጠብቆ ባይቆይ እነዚያን ሰዎች ማን ያገኛቸው ነበር?

ወደ ሳንቶ ስቴፋኖ አንድ ጊዜ ልመለስ፤ ምክንያቱም ከዚህ ጉዳይ ጋር የተያያዘ ሌላ ሰው አለ። በ1649 ሂዮብ ሉዶልፍ የተባለ ወጣት ጀርመናዊ ሮም መጣና በዚያ ቤት ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ተገናኘ። አባ ጎርጎርዮስ የመካነ ሥላሴ ሰው ናቸው፤ ከአማራ ምድር። ሉዶልፍ ግዕዝን ይበልጥ ያጠናው፣ አማርኛን የተማረው፣ የአገራችንን ታሪክ የጠየቀው ከእርሳቸው ነው። በ1652 ጎታ ድረስ ሄደው በዚያ አገር ልዑል ቤተ መንግሥት ከሉዶልፍ ጋር ሠርተዋል። በ1658 ወደ ምሥራቅ ሲመለሱ መርከባቸው ሰጥሞ ሞቱ። ሉዶልፍ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1698 የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ሲያሳትም አባ ጎርጎርዮስ በሕይወት አልነበሩም፤ ቢያስቀራቸው የሚከሰው አልነበረም። ግን አላስቀራቸውም። ይህን ከጎርጎርዮስ ሰማሁ እያለ ጻፈ፤ ሥዕላቸውንም በመጽሐፉ አሳተመ። የአማርኛ ሰዋስው አባት ማን ነው ቢባል ዛሬ ሁለት ስም የምንጠራው በዚያ ምክንያት ነው።

የመጨረሻው ጉዳዬ ራሳችን በምናወጣው ሥራ ላይ ነው። የአማርኛ ቃላት ዝርዝር፣ የተቀዳ ድምፅ፣ የተተረጎሙ ዓረፍተ ነገሮች ስብስብ፣ የኪቦርድ ፕሮግራም፤ ብዙ የእኛ ልጆች ለመመረቂያ ሠርተው ኢንተርኔት ላይ አስቀምጠዋል። ያለ ፈቃድ ፋይል! ቅን ሰው ሊጠቀምበት ይፈራል፤ ቅን ያልሆነው ደግሞ ይወስደዋል፣ ስሙንም አይጠራም። ሁለት ጊዜ ጉዳት ነው። የእኔ ምክር ይህ ነው። ኪቦርድና ፎንት በየስልኩ መግባት ስላለባቸው ቀለል ባለ ፈቃድ አውጧቸው። ለድምፅና ለጽሑፍ ስብስብ ስም ጥራ ብቻ የሚለውን የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ስጡ። ትልቅ ኩባንያ ወስዶ እንዳይዘጋው የምትፈሩትን ሙሉ ፕሮግራም በጂፒኤል ወይም በኤጂፒኤል ጠብቁት። በፋይሉ አናት ላይ ደግሞ ስማችሁንና ዓመቱን በግልጽ ጻፉ፤ ድምፃቸውን የሰጡ ሰዎች ከፈቀዱ የእነርሱንም።

ከዚህ በኋላ የሚቀረን ሥራ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የራሱን የሶፍትዌር ፈቃድ፣ ኢዩፒኤልን፣ በጣሊያንኛና በሌሎች በርካታ የኅብረቱ ቋንቋዎች እኩል ሕጋዊ አድርጎ አውጥቷል፤ አማርኛ ከእነዚያ መካከል አይደለም። የጂፒኤልን ጽሑፍ ግን፣ ትርጉሙ ይፋዊ አለመሆኑና ሕጋዊው እንግሊዝኛው መሆኑ ከላይ ከተጻፈ፣ በሌሎች ቋንቋዎች መተርጎምን የጽሑፉ ባለቤት የሆነው ድርጅት ይፈቅዳል። በዚህ አዳራሽ ሕግ ያጠኑ አሉ፣ ሳፒየንዛ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የሚማሩ አሉ፣ በየቤተ ክርስቲያናችን ግዕዝ የሚያስተምሩ ሊቃውንት አሉ። ሦስቱ ወገኖች አንድ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጡ ኤምአይቲን፣ አፓቼንና ጂፒኤልን አንድ ተማሪ በሚረዳው አማርኛ ማውጣት ይቻላል። ከኤምአይቲ እንጀምር፤ አጭር ነው። መሳተፍ ለምትፈልጉ ወረቀቱ በመውጫው አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ስማችሁንና የምትችሉትን ሥራ ጻፉበት። አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ፤ ከኋላ ከተቀመጡት እናቶች እንጀምር።